ስም ከመስጠታችሁ በፊት፦ ጥቃቅን ተርቦችን ለምታጠኑ የጅማ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከጎማ ወይም ከመና ወረዳ ማሳ ለቅማችሁ ካመጣችሁት ጀንፈል ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥቁር ተርብ ስትወጣ፣ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ስሟ ማን ነው?» የሚል ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከምን ወጣች?

ፍሬውን በጅምላ ፌስታል ውስጥ ካስቀመጣችሁት ይህን ጥያቄ መመለስ አትችሉም። በቡና ፍሬ ውስጥ ቦርቧሪዋ ጢንዚዛም የፍሬ ዝንብ እጭም ይኖራሉ፤ ዝንቡም የራሱ ጥገኛ ተርቦች፣ ማለትም እጫቸው ሌላ ነፍሳትን እየበላ የሚያድግ ተርቦች፣ አሉት። ስለዚህ አንድ ፍሬ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ቁጥር። ቱቦውን በጥጥ ድፈኑት። በክዳን ከዘጋችሁት ያልበዋል፤ በተለይ በክረምት ተርቧ ሳትወጣ ሻጋታ ይቀድማችኋል። በየጠዋቱ እዩት። ተርቧ ስትወጣ ክንፏ እስኪጠና አንድ ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ አልኮል ውስጥ ጨምሯት።

ፍሬውን ግን አትጣሉ፤ በምላጭ ክፈሉት። የደረቀች ቦርቧሪ ጢንዚዛ አካሏ ተበስቶ ካገኛችሁ ፋይማስቲከስ ኮፊያን ጠርጥሩ፤ ይህች ተርብ የምታጠቃው የጎለመሰችውን ጢንዚዛ ነው። የተበላ እጭ አጠገብ የሐር ጎጆ ካያችሁ ደግሞ ወደ ፕሮሮፕስ ናሱታና ዘመዶቿ ሂዱ፤ እነርሱ እጩን ከውጭ ሆነው ይመገባሉ። ቅሪቱን በተርቧ ቁጥር አስቀምጡት።

በቆሎ ላይ ለአሜሪካ መጤ ተምችም እንዲሁ ነው። ኮቴዥያ የተባለችው ጥገኛ ተርብ እጭ ከተምቹ አካል ወጥቶ የሠራውን ነጭ ጎጆ ለብቻው ቱቦ ውስጥ አድርጉት። አንዳንዴ ከጎጆው የምትወጣው ኮቴዥያ ሳትሆን ኮቴዥያን የበላች ሌላ ተርብ ናት። እሷን «የተምች ጠላት» ብሎ መመዝገብ የገበሬውን ወዳጅ ገዳይ ወዳጅ ማድረግ ነው።

ለዘረመል ሥራ 95 በመቶ አልኮል ተጠቀሙ፣ ቱቦውንም እስከ አፉ ሙሉት። ውስጡ አየር ካለ ፈሳሹ በመንገድ ሲናጥ የጠነከረውን አንቴና ይሰብረዋል። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ኢዩሎፊዴ የተባለውን ቤተሰብ ለስላሳ ተርቦች ከአልኮል አውጥታችሁ እንዲሁ አየር ላይ አታድርቋቸው፤ ሆዳቸው ይጨማደዳል።

ስለ ቀን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ኅዳር 5 ቀን 2016ን «5/3/2016» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ውጭ ያለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር 2016 ብሎ ያነበዋል። ትክክሉ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ከመሳታችሁም ሌላ፣ የቡና ለቀማ ወቅት የነበረው የአበባ ወቅት ይሆናል። የወሩን ስም በፊደል፣ የዘመን አቆጣጠሩንም ከጎኑ ጻፉ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ተክሉን፣ አስተናጋጁን (ተርቧ የወጣችበትን ነፍሳት) ጨምሩ።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ። ካልሲዶች በሚባለው ትልቅ የጥቃቅን ተርቦች ወገን ዘንድ የክንፉ ሥር፣ ማለትም በክንፉ ላይ የሚታየው የደም ሥር መሰል መስመር፣ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ወደ አንድ መስመር ተሰብስቧል። የእግር ጣት አንጓዎችን ቁጠሩ፦ ሦስት ከሆኑ ትሪኮግራማቲዴ ከተባለው ቤተሰብ ናት፤ አራት ከሆኑ ኢዩሎፊዴን አስቡ፤ በብዙዎቹ ሌሎች አምስት ናቸው። ነገር ግን «አንጓ የጎደላቸው ሁሉ ዘመድ ናቸው» አትበሉ። አካል ሲያንስ አንጓም የክንፍ ሥርም ይጠፋል፣ ይህም በተለያዩ የዘር ሐረጎች ለየብቻ ሆኗል። የጎደለ ነገር ደካማ የዝምድና ምስክር ነው።

ይህን ለማየት የሾላ ፍሬ ክፈሉ። ውስጡ የምታገኙት ክንፍ አልባ ፈዛዛ ወንድና ክንፋማ ጥቁር ሴት ከአንድ እናት የወጡ ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ። የሾላን የአበባ ብናኝ አድርሳ የምታዳቅለው ሴራቶሶለን አራቢከስ የተባለች ተርብ ናት። የቅርብ ዘመዷ ሴራቶሶለን ጋሊሊ በዚያው ፍሬ ትራባለች፣ አታዳቅልም። ሁለቱም ካልሲዶች ናቸው፤ ነፍሳት ይበሉ ከነበሩ ጥገኛ ተርቦች ወገን ወጥተው ወደ ተክል ምግብ የዞሩ። ዝግመተ ለውጥ አንድ አቅጣጫ ያለው መንገድ የሚመስለው ካለ ሾላን ይይ።

ከትሪኮግራማቲዴ ቤተሰብ የሆነችውን ትሪኮግራማን እስከ ዝርያ ስሟ ለመለየት የወንዱን ብልት ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሕዝቦቿ ግን ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ስላለባቸው ያልተዳቀለው እንቁላል ወንድ በመሆን ፈንታ ሴት ይሆናል፤ የምትመረምሩት ወንድ አታገኙም። ይኸው ባክቴሪያ በእናት በኩል ስለሚተላለፍ አብሮት የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ታሪክም ያዛባል። ዝርያ ለመለየት ከማይቶኮንድሪያ የሚነበበው የ658 ፊደል የዘረመል ቁራጭ (ባርኮድ) ብቻውን እንዳያታልላችሁ፣ ከኒውክሊየስ የተወሰደ ሌላ ዘረመል ጨምሩ።

ዘረመል ስታወጡም ተርቧን አትፍጩ። አካሏን ሳይጎዳ የሚያወጣውን ዘዴ ተጠቀሙና ቀሪውን በሦስት ማዕዘን ካርድ ጫፍ ላይ በቀኝ ደረቷ አጣብቁ። ካርዱና የዘረመሉ ቱቦ አንድ ቁጥር ይያዙ። ዝርያውን ካልደረሳችሁበት «ኢዩሎፊዴ፣ ዝርያ 1» ብላችሁ ጻፉና ቁጥሩን አቆዩት።