ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለበረዶ ሸርተቴ ተራራ ሊወጣ ነው። የበረዶ ናዳ ያሰጋል ስለው «ሄሊኮፕተር አለ፣ አታስቢ» ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። በረዶ ውስጥ የተቀበረ ሰው እውነት ይተርፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይተርፋል። ግን ብዙውን ጊዜ የሚያተርፈው ሄሊኮፕተር ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን በሕይወት የሚገኘው ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ነው። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ብርዱ አይደለም፤ መታፈን ነው። ትንፋሻቸው ፊታቸው ላይ ያለውን በረዶ ያቀልጠዋል፤ መልሶ ሲረጋ አፍና አፍንጫቸውን ይደፍነዋል።

የነፍስ አድን ሥልጠና ስወስድ ለልምምድ ተቀብሬ አውቃለሁ። ፊቴ ላይ መተንፈሻ ክፍተት ትተውልኛል፤ የሸፈኑኝም በአካፋ ቀስ እያሉ ነው። ያም ሆኖ ጣቴን ላጥፍ ብል እምቢ አለኝ። ከላዬ የሚረግጡት እግር ኮሽታ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። «እዚህ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም። ከወጣሁ በኋላ ስጠይቃቸው አንዳቸውም ድምፅ አልሰሙም። እውነተኛው ናዳ ደግሞ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፤ ራስን ቆፍሮ መውጣት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ አራቱም ሦስት ነገር ይያዙ፦ ትራንሲቨር፣ የሚተጣጠፍ ረጅም ዘንግና አካፋ። ትራንሲቨር በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ ነው። ጉዞ ላይ ሁሉም ይልካል። ናዳው ሲቆም ያልተቀበሩት በሙሉ ወደ መቀበያ ይቀይሩታል። አንዱ ከረሳ የእሱ ምልክት ሌሎቹን ያሳስታል። ጓደኛቸው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ ይያዙ፤ ከዚያ ወደ ታች ይፈልጉ። ምልክቱ በጠነከረበት ቦታ በረዶውን በዘንጉ ይውጉ፤ ዘንጉ ሰውነት ሲነካ እዚያው ተክለው ይተዉት። አካፋውን ከላይ አይሰንዝሩ፤ ከቁልቁለቱ በኩል ወደ ጎን ይቆፍሩ። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፃ ያድርጉ። ስልክ ከሠራ ይደውሉ፤ ግን እርዳታ ፍለጋ ብሎ ማንም ጥሎ አይሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጣሊያን፣ ሪጎፒያኖ ሆቴል ላይ ናዳ ወርዶ ከሁለት ቀን በላይ ቆይተው የወጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ያቆያቸው የፈረሰው ሕንፃ የተወላቸው አየር ነው። ሜዳ ላይ የተቀበረ ሰው ያ ዕድል የለውም።

ከሁሉም በላይ ግን ናዳውን አይቀስቅሱት። ሰው ከሚገድሉት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሳቸው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። አደገኛው ቁልቁለት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው። ጠዋት ጠዋት የናዳ ማስጠንቀቂያውን ያንብቡ። ከ5ቱ ደረጃዎች 3ኛው መካከለኛ ስለሚመስል ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ደረጃ ነው። እግራቸው ሥር «ድም» የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም በረዶው ከተሰነጠቀ ይመለሱ። አጠራጣሪ ቁልቁለት ካጋጠማቸው አንድ በአንድ ይሻገሩ፤ ሌሎቹ ከናዳው መንገድ ውጭ ቆመው ይዩት።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። አንዱን ትራንሲቨር አብርተሽ፣ በቦርሳ አድርገሽ ሜዳ ላይ ደብቂው። በየተራ ይፈልጉት። ሰዓቱን አንቺ ያዢ።