ገፍትሮ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ይከልከል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን የምናብ ጨዋታ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ በአምስተኛው እትም የምንጫወት አምስት ጓደኛሞች ነን። የማጫውተው፣ ማለትም ታሪኩን የምመራውና ጠላቶቹን የማንቀሳቅሰው፣ እኔ ነኝ። ብዙ የደከምኩበትን ጭራቅ ተጫዋቾቼ ገና በመጀመሪያው ዙር ገፍትረው 20 ጫማ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። ከላይ ሆነው በቀስት ጨረሱት። በሚቀጥለው ጊዜ እኔም ብድሬን መለስኩ። አንድ ጎብሊን፣ ትንሽዬ ክፉ ፍጡር፣ የቡድኑን ሌባ ምንጣፍ ወደሸፈነው የሾህ ጉድጓድ ገፈተረው። ሌባው አልሞተም፤ የሚጫወተው ልጅ ግን ዳይሱን አስቀምጦ ዝም አለ። ጨዋታውንም እዚያው ላይ አቆምን። ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዞብኛል። መግፋትን ከነጭራሹ ልከልክል?

መልስ፦ አትከልክይ እህቴ። መግፋት የሌለበት ውጊያ ሁሉም ባለበት ተገትሮ ተራ በተራ ሰይፍ የሚያወዛውዝበት ይሆናል። ገደል ሲኖር ግን ሰው «የት ልቁም?» ብሎ ያስባል። እኔ ይህን ጨዋታ የምወደው ለዚያች ሐሳብ ስል ነው።

በጭራቁ እንጀምር። ብዙ ሰው ጉድጓድ ክፉ የሆነው በጉዳቱ ይመስለዋል። ቁጥሩን ግን እዪው። በአምስተኛው እትም ለየ10 ጫማው ውድቀት አንድ ባለ 6 ጎን ዳይስ ይወረወራል። 20 ጫማ ሁለት ዳይስ ነው፤ በአማካይ 7 ነጥብ። ለጭራቅ ይሄ ጭረት ነው። የሚጎዳው የሚበላበት ጊዜ ነው። የወደቀ ተዘርሮ ያርፋል፤ ለመነሳት የፍጥነቱን ግማሽ ይከፍላል። ግድግዳ መውጣት ደግሞ እያንዳንዷን ጫማ በእጥፍ ያስከፍላል። የጭራቅ ፍጥነት በአንድ ተራ 40 ጫማ ነው። 20ውን ለመነሳት ካወጣ በቀረው የሚወጣው 10 ጫማ ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ልውጣ ካለ መምቻ ድርጊቱን ለሩጫ መስጠት አለበት። ሦስት ወይም አራት ዙር በሚፈጅ ውጊያ አንድ ተራ ሙሉ መጣል ትልቅ ኪሳራ ነው። ወጥቶም ጫፉ ላይ ይጠብቁታል፤ መልሰው ይገፉታል።

ስለዚህ ጉድጓዱን ተይው፤ ለጭራቁ እታች ሥራ ስጪው። ጭራቅ ተወርዋሪ ጦር አለው፤ እስከ 30 ጫማ ድረስ ያለ ምንም ችግር ይወረውራል። ደግሞ አስቢው፤ ባለቀስቶቹ የጉድጓዱን ግርጌ ለማየት የግድ ወደ ጫፉ መጠጋት አለባቸው። ከኋላቸው ሁለት ጎብሊኖች ብታስቀምጪ ኖሮ አሁን ጫፉ የሚያስፈራው ማንን ነው?

የመጠኑንም ነገር አትርሺ። ሰው የሚያክል ተዋጊ በእጁ መግፋት የሚችለው በመጠን ከእሱ ቢበዛ በአንድ ደረጃ የሚበልጠውን ብቻ ነው። ጭራቅ በአንድ ደረጃ ስለሚበልጥ ይገፋል። ከዚያ በላይ የሆነውን አይችልም። ድግምት ግን ሌላ ነው። በነጎድጓድ የሚገፋው ድግምት የመጠን ገደብ የለበትም፤ መቋቋም ያቃተውን ሁሉ 10 ጫማ ያንሸራትታል።

አሁን ወደ ሌባው። ልቤን የነካኝ እሱ ነው፤ እኔም ያንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። አንዲት ተጫዋቼ ለአራት ወር ያሳደገቻት ጦረኛ ነበረቻት። አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ለግድግዳ የሰጠች መስሏት ቆመች። እኔ ደብተር ላይ ግን እዚያ የአሲድ ገንዳ ተስሏል። ገለጻዬ ላይ አልጠራሁትም፤ «ጨለማ ነው» ብቻ ብዬ አልፌያለሁ። ጠላት ገፋት፣ ገባች፣ ሞተች። ልጅቷ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ገንዳ እንዳለ ባውቅ እዚያ እቆም ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ። ስውር ወጥመድ ይኑር፤ መግፋትም ይኑር። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አንድ ላይ አይወድቁም። የሚገፋበት ጉድጓድ ከመገፋቱ በፊት የታየ ወይም ሊታይ የሚችል መሆን አለበት። በምንጣፍ የተሸፈነም ቢሆን ፍንጭ አይጠፋለትም። ጎብሊኖቹ እዚያ ይኖራሉ፤ ጉድጓዱን ያውቁታል። እየሮጡ ሲመጡ ምንጣፉን ዞረው ይለፉ። ሁለተኛውም ይዙር። ልጁ ካላስተዋለ ራሱን ይወቅሳል፤ ካስተዋለ ደግሞ አንዱን ጎብሊን ራሱ እዚያው ይከተዋል። ወለሉ ላይ የሚታየውን ገደልማ ዋጋውን ጭምር ንገሪያቸው። «ጥልቀቱ 20 ጫማ ይሆናል፤ ሥሩ ሾህ ነው» በይ።

የመጨረሻ ዕድልም ስጪ። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም በዚህ በኩል እኔ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ወደ ገደል የተገፋ ሰው ባለ 20 ጎን ዳይስ ይወረውራል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣለት አይገባም፤ ጫፉ ላይ ተዘርሮ ይቀራል። በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር፣ የሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ፣ ሁለተኛ እትም ደግሞ ሲወድቁ ጫፉን ለመያዝ መሞከር ይፈቅዳል። አምስተኛው እትም እንዲህ ያለ አጠቃላይ ሕግ የለውም፤ እኔ ከአራተኛው ወስጄ ጨምሬበታለሁ። ጫፍ ላይ መዘረር ለገፋውም ኪሳራ አይደለም፤ አጠገብ ያለ ሰው የተዘረረውን ሲመታ ይቀለዋል። ለጭራቁም ለሌባውም እኩል ይሥራ። ተጫዋቾችሽ ሕጉን የሚቀበሉት ለራሳቸውም ሲያድናቸው ስለሚያዩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደፊት መምጣቱ አይቀርም። ተጫዋቾችሽ የእሳት ግድግዳ ድግምት ሲያገኙ ጠላትን እየገፉና እየጎተቱ ደጋግመው ያስገቡታል። ጽሑፉ ጉዳቱን የሚቆጥረው «በአንድ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ» ብሎ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ተራ አለው። አራት ተጫዋች በአንድ ዙር አራቴ ሊያስገባው ይችላል ማለት ነው፤ በየጊዜው አምስት ባለ 8 ጎን ዳይስ። በሕጉ ትክክል ነው። እኔ ግን ገበታዬ ላይ በዙር አንዴ ብቻ እቆጥራለሁ። ይህንንም የምናገረው ድግምቱን ሲመርጡ ነው፤ ውጊያ መሃል ላይ መናገር መንጠቅ ይሆናል።

ለልጁ ደውዪለት። «ምንጣፉን ቀድሜ ላሳይህ ይገባኝ ነበር» በዪው፤ ማስረዳት አታብዢ። ቀጣዩንም ጨዋታ ካቆማችሁበት ጀምሪ፤ ሌባው ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ነው። ጎብሊኖቹ ሾሁን ለመሳል የሚወርዱበት ገመድ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየው። የገፋው ጎብሊንም ጫፉ ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች እያየው ይሁን።