ናሚብ በረሃ፦ «ለድንኳን ይህን ያህል ዶላር?» ላልሽው

እህቴ፣ እንኳን ለ10ኛ የጋብቻ ዓመታችሁ አደረሳችሁ። ናሚቢያ ሄዳችሁ ሶሱስፍሌይ (ቀያዮቹ የአሸዋ ተራሮች ያሉበት ቦታ) አካባቢ ካሉት የበረሃ ካምፖች በአንዱ ልታርፉ አስባችሁ፣ ለአንድ ሰው በሌሊት ከ1,000 ዶላር በላይ መባሉ ባልሽን «ለድንኳን?» እንዳሰኘው ጽፈሻል። አንበሳና ዝሆን ይታይ እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔና ባለቤቴ እዚያው አጠገብ፣ ናሚብራንድ በሚባለው የግል ጥበቃ ክልል ውስጥ ስላረፍን የማውቀውን ልንገርሽ።

ከእንስሳቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ቅር ብሎት የሚመለሰው በዚህ ነውና። ሶሱስፍሌይን እንደ ሴሬንጌቲ አታስቢው። ዝሆን የለም፣ አንበሳም የለም። የምታዪው ሳላ፣ ስፕሪንግቦክ የሚሉትን ቀጭን የሜዳ ፍየል የመሰለ እንስሳ፣ ሰጎንና ቀበሮ ነው፤ ከታደላችሁ ደግሞ የተራራ የሜዳ አህያ። አዋሽ ፓርክ ሳላ አይተሽ ከሆነ የናሚቢያው ሳላ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ፊቱና እግሩ ላይ ያለው ጥቁር በዛ ይላል እንጂ። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ጋይዱ አንዱ ዘንድ ቆሞ ብዙ ያወራል። ሳላ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ቢወጣም ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም አፍንጫው ውስጥ በቀዘቀዘ ደም እያበረደ እንደሚልክ የሰማሁት እንዲህ ቆመን ነው። ጠዋት ከአትላንቲክ የሚመጣውን ጉም ጀርባዋ ላይ አጠራቅማ የምትጠጣ ጥንዚዛም ናሚብ ውስጥ አለች። እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚደክመው ሰው እዚያ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

«የለም፣ እኔ ዝሆኑን ነው የምፈልገው» ካልሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ዳማራላንድና ወደ ሆአኒብ ወንዝ ሂጂ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በረሃውን የለመዱት ዝሆኖች ያንን ተከትለው ነው የሚጓዙት። ጥቁር አውራሪስንም ከ1982 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ሲጠብቅ ከኖረው ከሴቭ ዘ ራይኖ ትረስት ዱካ ፈላጊዎች ጋር እንግዳው ወጥቶ እንዲፈልግ የሚያደርጉ ካምፖች አሉ። እዚያም ቢሆን ግማሽ ቀን መኪና ላይ ተቀምጦ አንድ አውራሪስ ማየት ነው። በብዛት ማየት ከፈለጋችሁ ኤቶሻ ፓርክ ይሻላችኋል፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ባልሽ ጥያቄ። ድንኳን ሲባል ሥራው በእንጨት ወለል ላይ የተተከለ ሸራ ነው፤ ውስጡ ደህና አልጋ፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ፣ ከፊቱ በረንዳ አለው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አዲስ አበባ ያለ ጥሩ ሆቴል ከዚያ የተሻለ ክፍል ይሰጥሻል። የምትከፍሉት ለዙሪያው ነው። ናሚብራንድ ከ200,000 ሄክታር በላይ ነው። ድሮ የበግ እርሻ ነበር፤ አልቢ ብሩክነር የሚባል ነጋዴ ከ1984 ጀምሮ መሬቱን እየገዛ አጥሩን አስነሣና እንስሳቱ እንደልባቸው እንዲዘዋወሩ ሆነ። ደንባቸው ለ1,000 ሄክታር አንድ አልጋ ነው የሚፈቅደው። እንግዲህ አስቢው፦ ሁለት ሰው ሲተኛ የ2,000 ሄክታር ኪራይ ነው የሚካፈለው። በዚያ ላይ ሰላጣው፣ ናፍጣው፣ የሚበላሸው ዕቃ መለዋወጫ ሁሉ ከሩቅ በፒስታ መንገድ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ይህን ከሰማ በኋላ ስለ ዋጋው ማማረር ተወ። (ስለ ቢራው ዋጋ ግን አልተወም፤ መጠጥ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ቀድመሽ ጠይቂ።)

ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ጎሕ ሳይቀድ ይቀሰቅሷችኋል፤ ቡና ቀምሳችሁ መኪና ላይ ናችሁ። ዋናው መዳረሻ ዴድፍሌይ ነው፤ ነጭ የደረቀ ጭቃ ሜዳ፣ ዙሪያውን ቀይ የአሸዋ ተራራ፣ መሐሉ ላይ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት የሆናቸው የግራር ዛፎች። አየሩ ከመድረቁ የተነሣ እንጨቱ መበስበስ አልቻለም፤ ፀሐይ አጥቁሮት እንደቆመ ቀርቷል። ከአጠገቡ ያለው ቢግ ዳዲ የሚባለው የአሸዋ ተራራ 325 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ሽቅቡ ያደክማል፣ ሁለት ተራምደሽ አንድ ትንሸራተቻለሽ፤ ቁልቁሉ ግን በሩጫ ነው፣ እንደ ልጅ ያስቃል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ዱን 45 የሚባለው የአሸዋ ተራራ ጋ ሲቆም የእኛ ጋይድ አልፎ በቀጥታ ወደ ዴድፍሌይ ወሰደን፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ነበርን። አንቺም ለጋይድሽ ይህንኑ ንገሪው።

ከረፋዱ በኋላ ምንም የለም። ምንም ስልሽ ቃሌን አትቀንሺበት። ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ እንስሳው ጥላ ይፈልጋል፣ አንቺም በረንዳሽ ላይ ትቀመጫለሽ፤ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ እንዲሁ ነው። ብዙ ካምፖች ዋይፋይ ያላቸው ዋናው ቤት ብቻ ነው። እኔ ለዓመታት እንደዚያ ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም ነበር፤ ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ይህን ሰዓት ነው። ባለቤቴ ግን በሁለተኛው ቀን መወራጨት ጀመረ። ባልሽ ስልኩን ሳይነካ መቀመጥ የማይችል ከሆነ ሙቅ አየር ባሉን ወይም የእግር ጉዞ ያለበትን ካምፕ ምረጡለት።

ሌሊቱ ግን ሁለታችንንም አንድ አድርጎናል። ናሚብራንድ በ2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥበቃ ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል፤ አሜሪካ ሆነን የማናያቸው ሁለቱ የማጌላን ደመናዎችም (ደመና ይባሉ እንጂ የከዋክብት ስብስብ ናቸው) በዓይን ይታያሉ። ስለዚህ ቀን ስትቆርጡ ወቅቱን ብቻ ሳይሆን ጨረቃዋንም እዩ። ሙሉ ጨረቃ ላይ ከሄዳችሁ አሸዋው ያምራል፣ ኮከቡ ግን ግማሹ ይጠፋል። አንዳንድ ካምፖች ከጠየቃችሁ አልጋችሁን ደጅ ያወጡላችኋል፤ እምቢ እንዳትሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። እነሱ አልጋ ውስጥ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ያስቀምጣሉ፣ እኔ ጋቢዬን ጨመርኩበት፤ በማግስቱ ከጎረቤት ድንኳን የመጡት ጀርመናዊት ከየት እንደሚገዛ ጠየቁኝ።

ምግብ ላይ አንድ ነገር። ማታ ማታ እሳት ላይ የሚጠበሰው የዱር ሥጋ ነው፦ ሳላ፣ ኩዱ፣ ስፕሪንግቦክ። አልፎ አልፎ የሜዳ አህያም ይቀርባል፤ ለኛ ሰው ይህ ከባድ ነገር ስለሆነ ከማንሣትሽ በፊት ጠይቂ። ጾም ላይ ከሆናችሁ «ቪጋን» ብላችሁ ቦታ ስትይዙ ጻፉላቸው፤ ደርሳችሁ ብትናገሩ ሱቅ የለ፣ ገበያ የለ፣ ሰላጣና ድንች ብቻ ይሆናል።

ለመድረስ ከዊንድሁክ በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛው ፒስታ ነው፣ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፣ መንገዱ ጎማ ይበላል። ሁለት ትርፍ ጎማ ያለው መኪና ተከራዩ፣ ከመምሸቱ በፊት ግቡ፣ መንገድ ላይ ሶሊቴር የምትባል ትንሽ መንደር ላይ ቆማችሁ የፖም ኬኩን ብሉ። በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ግን ሻንጣ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፣ የእጅ ቦርሳው ሁሉ ተደምሮ፣ ያውም ጎማ የሌለው ለስላሳ ቦርሳ። እኔ አንዱን መንገድ በመኪና እንድትሄዱ እመክራለሁ፤ ርቀቱ የሚገባሽ መሬት ላይ ነው።

ሁለት ካምፕ እያቀያየራችሁ አንድ አንድ ሌሊት አትደሩ፤ ባላችሁ ገንዘብ አንዱ ጋ ሦስት ሌሊት ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ካምፑ ከሴስሪም በር (ወደ ሶሱስፍሌይና ዴድፍሌይ ከሚያስገባው የፓርኩ በር) ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ። ውጭ ያደረ ሰው በሩ የሚከፈትለት ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ባሉት የመንግሥት ማረፊያዎች ያደረ ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባል። ዋናው ምኞታችሁ ዴድፍሌይን በጎሕ ማየት ከሆነ፣ አንድ ሌሊት እዚያ አድራችሁ ቀሪውን ወደ ናሚብራንድ መውረድ ትችላላችሁ፤ ኪሳችሁንም ያሳርፋል።

ወረቀቱን አትርሱ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ቪዛ ይጠየቃል፤ ኦንላይን አስቀድማችሁ ጨርሱት። በመንገዳችሁ አዲስ አበባ ገብታችሁ ቤተሰብ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፤ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የሚገባን ሰው ይጠይቃሉ። የምትሄዱበትን ወር ከወሰናችሁ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የዚያን ወር ሙቀትና ጨረቃ አይቼ የትኛው ሳምንት እንደሚሻል እነግርሻለሁ።