ሞፈሩ ወደ ኋላ ከጎተተ በሬዎቹ እንዴት ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ክረምት ላይ አባቴን እርሻ አግዛለሁ። «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አፀፋ አለው» የሚለው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ግራ አጋብቶኛል። በሬዎቹ ሞፈሩን በሚጎትቱበት ጉልበት ልክ ሞፈሩም ወደ ኋላ ከጎተታቸው፣ ሁለቱ ተጣፍተው ዜሮ አይሆኑም እንዴ? ታዲያ ጥማዱ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ጓደኞቼን ብጠይቅ «ሕግ ነው፣ ሸምድደው» አሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ! ይህች ጥያቄ ካልጠራች ሦስተኛው ሕግ አይገባም።

ጉልበቶቹ እኩል ናቸው፣ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ግን አንዱ የሚያርፈው ሞፈሩ ላይ፣ ሌላው በሬዎቹ ላይ ነው። የጎረቤትህ ገንዘብ ያንተን ዕዳ አያወራርድም አይደል? የምታጣፋው አንድ አካል ላይ ያረፉትን ብቻ ነው።

እስኪ በሬዎቹን ብቻ ለይተህ እያቸው። ሞፈሩ በቀንበሩ በኩል ወደ ኋላ ይይዛቸዋል። ወደ ፊት የሚገፋቸውስ? መሬቱ ነው! ስታርስ እግራቸውን ልብ ብለህ ተመልከት፤ በሬው ሲስብ ኮቴውን አፈር ውስጥ ሰክቶ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬቱም በዚያው ልክ እሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ ግፊት ከሞፈሩ ጉተታ ሲበልጥ ጥማዱ ከቆመበት ይነሳል። አንዴ ሄዶ ፍጥነቱ ካልተለወጠ ደግሞ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሐምሌ ላይ ዋልካው ሲላቁጥ ኮቴያቸው እየተንሸራተተ የሚቸገሩትስ ለምን ይመስልሃል? ጉልበታቸው አልቆ አይደለም። ሰበቃው፣ ማለትም ኮቴው መሬቱ ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጉልበት፣ ስለቀነሰ መሬቱ የሚመልስላቸው ግፊት አንሶ ነው።

«አፀፋ» የሚለውን ቃል እኔ ብዙም አልወደውም። አንዱ ቀድሞ መትቶ ሌላው ቆይቶ የሚመልስ ያስመስለዋል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሕግ ግን ቀዳሚና ተከታይ የለም፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ነው የሚሆኑት።

ጉልበቱ እኩል ነው ማለት ውጤቱም እኩል ነው ማለት እንዳይመስልህ። ባሕር ዳር ሄደህ ከታንኳ ወደ ጣና ዳር ስትዘል፣ ታንኳው ከእግርህ ሥር ሸሸት ይላል። አንተ 60 ኪሎ፣ ታንኳው 30 ኪሎ ቢሆን፣ የውሃውን መያዝ ለጊዜው ከተውነው፣ አንተ ወደ ፊት ከምትሄድበት ፍጥነት በእጥፍ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀለል ያለው አብዝቶ ይሸሻል።

አሁን ደግሞ ሞፈሩን ከነማረሻው ለይተህ ሞክር። በሬዎቹ ወደ ፊት ይስቡታል። ወደ ኋላ የሚይዘው ማነው? አባትህ እርፉን ጫን ሲል ማረሻው ጠልቆ ጥማዱ ለምን እንደሚከብደው አስብና መልሱን ጻፍልኝ።