አንገቴ ላይ ያለው ንፍፊት በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 34 ነው፣ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። በግራ በኩል ከመንጋጋዬ ዝቅ ብሎ ባቄላ የሚያህል እብጠት ከወጣብኝ ከወር በላይ ሆነኝ። አያመኝም። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ጨረስኩ፣ ቀጥሎ ሲፕሮ ወሰድኩ፣ ወይ ፍንክች። ጤና ጣቢያ ስሄድ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ሲሉኝ ጥዬ ወጣሁ፤ አክስቴ ናሙና ተወስዶላት ብዙም ሳትቆይ ነው ያረፈችው። ለመሆኑ ሊምፍ የሚባለው ከደም ጋር ይገናኛል? ደሜ ተበክሎ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ደምሽ ነው፣ የፈራሽው ግን ካንሰርን ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። በአንቺ ዕድሜ አንገት ላይ የሚወጣ ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ከወር በላይ ከቆየ ግን ሳይመረመር አይታለፍም።

ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ከደም ጋር ይገናኛል፤ የሚመጣውም ከደም ነው። ከቀጫጭኖቹ የደም ስሮች ፈሳሽ ወደ ሰውነታችን ይወጣል፣ አብዛኛው ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። በቀን 3 ሊትር ገደማ የሚሆነው ግን በሊምፍ ቱቦዎች ዞሮ ከአንገት ሥር ካሉት ትልልቅ ደም መልሶች ጋር ይቀላቀላል። እንደ ደም የሚገፋው ልብ የለውም፣ ቱቦዎቹ ራሳቸው እየተኮማተሩ፣ ስትንቀሳቀሺ ደግሞ ጡንቻሽ እየጫናቸው ነው የሚገፉት። በመንገዱ ላይ እንደ ወንፊት የሚያጣሩ ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ እነሱ ሲያብጡ ነው ንፍፊት የምንለው። እግሩ ቆስሎ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ያልወጣበት ሰው አለ? አንገት ላይም ያው ነው። የተበላ መንጋጋ ጥርስ፣ ቶንሲል፣ ሹሩባው ጠብቆ የቆሰለ የራስ ቆዳ፣ ሁሉም ያሳብጡታል። ደምሽን ለቀቅ አድርጊው፣ ጥርስሽን ግን አሳዪ።

አሁን ወደ መርፌው። ይሄ «ከተነካ ይሰራጫል» የሚባለው ነገር ስንቱን ሰው ቤቱ እንዳስቀረ ብታውቂ! የተማረውም ያልተማረውም እኩል ያምንበታል። ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ሰው እብጠቱን ይዞ ወራት ይቀመጣል፣ ጸበሉን ይሞክራል፣ ቅጠሉን ይቀባል፣ ከፋርማሲ የሰጡትን ይውጣል፣ በመጨረሻ ሲብስበት ሐኪም ቤት ይመጣል። ያኔ ናሙና ይወሰዳል፤ ካንሰር ከነበረ ቀድሞውኑ ሄዷል። ሰውየው ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚወራው ስለ መርፌው ነው፣ ስላሳለፋቸው ወራት ማንም አያነሳም። አክስትሽን ነፍስ ይማር። ምን እንደነበረባቸው አላውቅም፤ ግን ከናሙና በኋላ ሞቱ ማለት ናሙናው ገደላቸው ማለት አይደለም። ለአንገት ንፍፊት የሚገባው መርፌ ደም ሲቀዳ ከምታውቂው አይወፍርም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይቀጥናል፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ሥራሽ ትመለሻለሽ። ከዚህ መርፌ የተነሳ ካንሰር ይሰራጫል ብለሽ የምትፈሪበት ምክንያት የለም። መርፌውን መፍራት ግን ያዘገያል፣ መዘግየቱ ነው የሚጎዳው።

ደግሞ እኛ አገር ከወር በላይ ለቆየ፣ ለማያምም የአንገት ንፍፊት መጀመሪያ የምጠረጥረው የንፍፊት ቲቢን ነው። አዎ፣ ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ሳልም ላይኖርሽ ይችላል። ሳንባሽ ነጻ ከሆነ ደግሞ ለቤተሰብሽ አታስተላልፊም፣ ስለዚህ ብርጭቆ ለይተሽ መደበቅ አያስፈልግም። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፣ በደንብ ከተወሰደ ይድናል። ይሄን ሁሉ የሚነግረን ያ የሸሸሽው ናሙና ነው። የኤችአይቪ ምርመራም አብረው ይጠይቁሻል፣ አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልቆጣሽ ነው። ሲፕሮ ማን ውሰጂ አለሽ? ሲፕሮ የቲቢን ጀርም ሳያጠፋ ለጊዜው ሊያደክመው ይችላል፣ ከዚያ ምርመራው ላይ ይደበቃል፣ ሐኪሙም ይሳሳታል። ሁለት መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር ሦስተኛ ፋርማሲ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ስትመረመሪ ምን እንደወሰድሽና መቼ እንደጨረስሽ ሳትደብቂ ተናገሪ፣ ካርቶኑ ካለ ይዘሽ ሂጂ።

እብጠቱ ድንጋይ የሆነ፣ ሲነካ የማይንቀሳቀስ፣ በየሳምንቱ የሚያድግ ወይም ከትከሻ በላይ ባለው የአንገት ጎድጓዳ የወጣ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብና የክብደት መቀነስ ካለ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። አንቺ እነዚህን አልጻፍሽልኝም፣ ያ ደስ ይለኛል፣ ግን ባለመጻፍሽ ብቻ አልተማመንም።

በዚህ ሳምንት ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሺ። ጥለሽ ስለወጣሽ ማንም አይቆጣሽም፣ ቢቆጡሽም ቻይው። እስከዚያ እየደጋገምሽ አትጫኚው፤ ሲነካካ የሚውል ንፍፊት ለመቀነስ ይዘገያል።