ብሉ ካርዴ ሊያልቅ ነው፤ ምን ወረቀት ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ በሶፍትዌር ባለሙያነት ብሉ ካርድ (ለተመራቂ ባለሙያ የሚሰጠውን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ) አግኝቼ ጀርመን ከገባሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ባለቤቴና ልጄም በእኔ በኩል መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። ካርዴ ከሰባት ሳምንት በኋላ ያበቃል። የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት እጄ ላይ አለ። በቅርቡ ደግሞ ከሌላ ድርጅት ጋር ልፈርም ነው። ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ጥሩ ሥራ ነው። ለማደስ ምን ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የወረቀቱን ዝርዝር ቶሎ ልጨርሰው። ፓስፖርት፣ አሁን ያለው ካርድ፣ ፎቶ፣ የተፈረመ የሥራ ውል፣ አዲሱ አሠሪ ሞልቶ የሚፈርመው የሥራ ሁኔታ ቅጽ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የክራንከንካሰ (የጤና መድን) ማረጋገጫ፣ የቤት ኪራይ ውል። ከተማው ሌላም ሊጠይቅ ይችላል፤ የቢሮውን ዝርዝር ከድረ ገጹ አውርደው ያመሳክሩ። ፓስፖርትዎ ሊያልቅ ከሆነ ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላችን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ካርዱ ከፓስፖርቱ ዕድሜ በላይ አይሰጥም።

ማመልከቻው ካርዱ ሳያልቅ አውስሌንደርቤሆርደ (የውጭ ዜጎች ቢሮ) እጅ መግባት አለበት። በጊዜ ከገባ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የድሮው ፈቃድዎ እንደቀጠለ ይቆጠራል። የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 የሚለው ይህንን ነው። ቀጠሮ መያዝ ብቻውን ግን እንደ ማመልከቻ ላይቆጠር ይችላል። ማመልከቻውን በጽሑፍ ይላኩ፤ የላኩበትንም ማስረጃ ያስቀምጡ።

አሁን ስላልጻፉልኝ ነገር እንነጋገር።

«የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ» ብለዋል። እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። መቼ ነው «የቀድሞው» የሆነው? አሰናብተውዎት ነው? ራስዎ ለቀው ነው? ወይስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ጠርተው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አሉዎት? ከዚያስ ለአውስሌንደርቤሆርደው አሳወቁ? እነዚያ ስድስት የደመወዝ ወረቀቶችስ የትኞቹ ስድስት ወራት ናቸው? አንዱንም አልነገሩኝም። አዲሱን ሥራ ደግሞ ገና «ልፈርም ነው» ነው ያሉት። ስለዚህ ዛሬ ሥራ ላይ እንዳልሆኑ እገምታለሁ። እንደ ታላቅ እህት ልቆጣዎት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለጠበቃ ግማሽ ታሪክ ከነገሩ የሚያገኙት ምክርም ግማሽ ነው።

በየጊዜው ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ካርዱ ላይ የታተመው ቀን እስኪደርስ ማንም አይነካኝም ብሎ ያስባል። ሥራው ቆሟል፤ ካርዱ ግን ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። «ሥራ ሳገኝ እነግራቸዋለሁ» ይላል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር ያልፋል። ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። አንቀጽ 82 ሥራዎ ከጊዜው በፊት መቋረጡን ባወቁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቢሮው ያሳውቁ ይላል። አሠሪውም በበኩሉ በአራት ሳምንት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ እርስዎ ዝም ስላሉ ቢሮው አያውቅም ማለት አይደለም። የአሠሪዎ ደብዳቤ እስካሁን መዝገብዎ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ከዝምታው ይልቅ ዝምታው የሚያመጣው ቀጣይ እርምጃ ነው። አንድ ደንበኛ ለእድሳት የሚያስገባውን ወረቀት እንድመለከትለት ፕላስቲክ ፎልደር ይዞ መጣ። ስድስት የደመወዝ ወረቀት በቅደም ተከተል ደርድሯል። የመጨረሻውን አንስቼ ወሩን አየሁ። አምስት ወር ያለፈው ነው። እዚያው ወረቀት ላይ በትንንሽ ፊደል «አውስትሪት» የሚል ቃል ከነቀኑ ታትሟል፤ ከሥራ የወጣበት ቀን ማለት ነው። እሱ ልብ አላለውም። ፋይል ሲያገላብጥ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ግን አያልፈውም። ቅጹ ላይ ደግሞ የአሁን አሠሪ በሚለው ቦታ የድሮውን ድርጅት ስም ጽፏል። «ያው ሠርቼበታለሁ እኮ፣ ውሸት አይደለም» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልፈረመበትም ነበር። ቅጹን እንደገና ሞላነው።

ልዩነቱን በደንብ ይረዱልኝ። ሥራ ማጣት ጥፋት አይደለም። ዘግይቶ ማሳወቅ ስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሊብራራ ይችላል። ፈቃድ ለማግኘት ብሎ ሐሰተኛ ወይም ያልተሟላ መረጃ መስጠት ግን በአንቀጽ 95 ወንጀል ነው። እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ያስከትላል። ከአገር ለማስወጣትም እንደ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል። የድሮ የደመወዝ ወረቀት አሁንም እንደሚሠሩ አስመስሎ ማስገባት ወደዚህ ነው የሚወስድዎት። ወረቀቶቹ የቆዩ ከሆኑ ያስገቧቸው፣ ነገር ግን ሥራው መቼ እንደቆመ የሚገልጽ ደብዳቤ አብሮ ይሁን። ደብዳቤውን ደግሞ ብቻዎን አይጻፉት። ጠበቃ ያንብበው።

ሕጉ ለእርስዎ የሚሰጠው ከለላም እኮ አለ፤ ሰው ስለማያውቀው ነው የሚደበቀው። ሥራ ሲቆም ካርዱ በዚያው ቀን አይሞትም። ቢሮው ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ሐሳብዎን ይጠይቅዎታል። የአውሮፓ ኅብረት የ2021 የብሉ ካርድ መመሪያ ደግሞ ካርዱን ከ2 ዓመት በላይ ለያዘ ሰው ተደማምሮ እስከ 6 ወር ሥራ ማጣት ካርዱን ለመንጠቅ ምክንያት አይሆንም ይላል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ 3 ወር ነው። እርስዎ 2 ዓመቱን አልፈው ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህ ከለላ የሚጠብቀው ያላለቀ ካርድ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ሰባት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ለዚህ ነው ሥራው የቆመበትን ትክክለኛ ቀን አጥብቄ የምጠይቀው።

ሥራው የቆመው በፊርማ ከሆነ ሌላም ጥያቄ አለኝ። የፈረሙት ወረቀት ራስጌው ላይ «አውፍሄቡንግስፈርትራግ» ይላል? ይህ በስምምነት መለያየት ነው። ከፈረሙት የሥራ አጥ ገንዘቡ እስከ 12 ሳምንት ሊታገድብዎት ይችላል። አሠሪው በራሱ የሰጠዎት ኩንዲጉንግ (የስንብት ደብዳቤ) ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰዎት 3 ሳምንት ነው። ገና ያልፈረማችሁ ሌሎች አንባቢዎች፣ እባካችሁ ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ክፍል ውስጥ እንድትፈርሙ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

የሥራ አጥ ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ፍርሃት ላንሳ። ብዙ ወገኖቻችን «ፈቃዴን ያበላሽብኛል» ብለው አርባይትስአገንቱር (የሥራ አጥ መድን የሚከፍለው የሥራ ቢሮ) አይመዘገቡም። ከደመወዝዎ ሲቆረጥ የኖረ የራስዎ መድን ስለሆነ እሱን መቀበል ፈቃድዎን አይጎዳም። የሚጎዳው ከጆብሴንተር የሚሰጠው የመንግሥት የኑሮ ድጎማ ነው። ሁለቱን አያምታቱ።

ወደ አዲሱ ሥራ ልምጣ። «ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ይላል» ብለዋል። ትንሽ ስንት ነው? ለ2026 የብሉ ካርድ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 50,700 ዩሮ ነው። ባለሙያ በሚጠፋባቸው ሙያዎች፣ የእርስዎንም ጨምሮ፣ 45,934.20 ዩሮ ነው፤ በወር 3,827.85 ይመጣል። ይህ ብሩቶ፣ ማለትም ግብርና መዋጮ ሳይቆረጥ፣ ነው፤ እጅ ላይ የሚደርሰውን አይቁጠሩ። ውሉ ላይ ያልተረጋገጠ ቦነስም አይደመርም። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚጨምር መጀመሪያ ሲገቡ የበቃዎት ደመወዝ ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል። ከመስመሩ በታች ከሆነ በሩ አልተዘጋም። ለተመራቂ ባለሙያ የሚሰጠው ሌላው ፈቃድ፣ አንቀጽ 18ለ፣ አለ። ያ ግን የራሱ ሂደት አለው። የውሉን ረቂቅ ሳይፈርሙ ለጠበቃ ያሳዩ። አንድ መቶ ዩሮ ጎድሎ የሚመለስ ማመልከቻ አለ፤ ሳይፈርሙ በፊት አሠሪውን ጠይቆ ማስተካከል ደግሞ ይቻላል።

ሌላም ያልጠየቁኝ ነገር አለ። በብሉ ካርድ 27 ወር ሠርቶ የጡረታ መዋጮ የከፈለና መሠረታዊ ጀርመንኛ ያለው ሰው፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላ፣ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል። ቢ1 የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ያለው በ21 ወር ይችላል። እርስዎ ከገቡ 28 ወር ሆኖዎታል። የሠሩት ግን ስንቱን ወር ነው? ከጡረታ መድን ድርጅቱ የመዋጮ ዝርዝርዎን በነፃ ያስመጡና ወሮቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። የቋንቋ ሰርተፊኬትዎንም ይፈልጉ። ምናልባት ማደስ ሳይሆን ሌላ ነገር መጠየቅ ይሻል ይሆናል። ያንን ግን ወረቀቱን ሳላይ አልልም።

የባለቤትዎና የልጅዎ ፈቃድ በእርስዎ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የእነሱንም ማመልከቻ በአንድ ላይ ያስገቡ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ለበዓል አዲስ አበባ ለመብረር ካሰቡ፣ የሚሰጥዎት ጊዜያዊ ወረቀት በአንቀጽ 81 በየትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደተሰጠ ትኬት ሳይቆርጡ ያረጋግጡ። በንዑስ አንቀጽ 4 ከሆነ ወጥተው መመለስ ይችላሉ። በ3 ከሆነ አይውጡ።

ይህ ሁሉ ደብዳቤዎን አንብቤ የገመትኩት ነው። ፋይልዎን አላየሁም። በዚህ ሳምንት በውጭ ዜጎች ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ይያዙ። በክፍያ ላይ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በስተቀር፣ ለመጀመሪያ ምክር ጠበቃ ከአንድ ግለሰብ ከ190 ዩሮና ከቀረጡ በላይ መጠየቅ አይችልም። ገቢዎ ከተቋረጠ መኖሪያዎ አካባቢ ካለው ፍርድ ቤት የምክር ድጋፍ ወረቀት ይጠይቁ፤ ከተሰጠዎት ለጠበቃው የሚከፍሉት 15 ዩሮ ብቻ ነው። ካሪታስና ዲያኮኒም ለአዲስ መጤዎች ነፃ የምክር ቢሮ አላቸው። ሲሄዱ የሥራ ማቋረጫውን ወረቀት፣ የደመወዝ ወረቀቶቹን በሙሉ፣ የአዲሱን ውል ረቂቅ፣ ከቢሮው የተጻፈልዎትን ሁሉ ይያዙ።

እስከዚያው በፖስታ ሳጥንዎ ውስጥ ቢጫ ፖስታ ካገኙ በዚያው ቀን ይክፈቱት። ፖስተኛው ያስረከበበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጽፋል፤ ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ፖስታውን እንዳይጥሉት፤ ከደብዳቤው ጋር ለጠበቃዎ ይስጡት።