«ፕሮስቴት አለብህ» ከተባለ በኋላ፦ ስለ አረጋውያን ወንዶች የሽንት ችግር ጥያቄና መልስ

በሽንት ቧንቧና በፕሮስቴት ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ የተለመደ አነጋገር ላርም። ሰዎች «ፕሮስቴት አለበት» ሲሉ የበሽታ ስም የጠሩ ይመስላቸዋል፤ ፕሮስቴት ግን ማንኛውም ወንድ ይዞት የሚወለደው፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን የከበበ ዕጢ ነው። የሽንት ችግር ሁሉ የእርሱ ጥፋት እየተደረገ መወሰዱ ብዙ አባቶችን ሌላ በሽታቸው ሳይታወቅላቸው እንዲቆዩ አድርጓል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ። በአልትራሳውንድ ታይቼ ፕሮስቴትህ 45 ሚሊ ሊትር ሆኗል ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል?

መጠኑ ብቻውን ለኦፕራሲዮን አያበቃም። የጎልማሳ ፕሮስቴት ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን ከ50 ዓመት በኋላ እያደገ መሄዱ የተለመደ ነው። 80 ሚሊ ሊትር ደርሶ እንደ ልብ የሚሸኑ አሉ፤ በ30 ሚሊ ሊትር ሽንት የሚዘጋባቸውም አሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቅዎ ሽንቱ ለመጀመር ይዘገይብዎ፣ ፍሰቱ ቀጥኖ ይቆራረጥ፣ ለማስወጣት ያምጡ፣ ከጨረሱ በኋላም ፊኛዎ ያልተራገፈ ይመስልዎ እንደሆነ ነው። ለዚህ በመላው ዓለም የምንጠቀምበት ሰባት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ስለሚሰጠው ድምሩ እስከ 35 ይደርሳል። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሕይወትዎ እንዲሁ ቢቀጥል ምን ይሰማዎታል?» የሚል አንድ ጥያቄ ለብቻው ይጠየቃል። በእኔ ግምት ሕክምናውን ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው ይኸኛው ነው።

የእርስዎ ዋና ችግር ሌሊት መነሣት ከሆነ ግን ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሦስት ቀን መዝገብ ይያዙልኝ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አፉን ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፤ በመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ውኃ እየጨመሩ በየ50 ሚሊ ሊትሩ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ በሸኑ ቁጥር ሰዓቱንና መጠኑን፣ የጠጡትንም ጭምር ይጻፉ። ከተኙበት ሰዓት አንሥቶ የሸኑት፣ ጠዋት ሲነሡ የሚሸኑት የመጀመሪያው ሽንት ተጨምሮበት፣ ከ24 ሰዓቱ ድምር ከሲሶ በላይ ከሆነ ኩላሊትዎ ሌሊት ብዙ ሽንት እያመረተ ነው ማለት ነው፤ ፕሮስቴትን መቁረጥ ደግሞ ይህን አይለውጠውም። ምክንያቱ የልብ ድካም፣ ስኳር፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ ማንኮራፋት፣ ማታ የሚጠጣ ሻይና ቢራ፣ ወይም ወደ ማታ የሚወሰድ የሚያሸና መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የፕሮስቴት ኪኒን ሲውጡ የቆዩ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ካልሲያቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ቀለበት ትቶ ነበር። ቀን እግራቸው ላይ የሚጠራቀመው ውኃ ሌሊት ጋደም ሲሉ ወደ ደም ተመልሶ ሽንት ይሆናል፤ የላክኋቸውም ወደ ልብ ሐኪም ነበር።

በአንጻሩ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚወጣው 80 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ከሆነ ወደ ፊኛውና ወደ ፕሮስቴቱ እንመለሳለን። ያን ጊዜ ከሸኑ በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት በአልትራሳውንድ እንለካለን፤ መሣሪያው ባለበትም የፍሰቱን ፍጥነት እናያለን። በሰከንድ ከ10 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ መዘጋት ሳይኖር አይቀርም፤ ሆኖም ለልኬቱ ቢያንስ 150 ሚሊ ሊትር መሽናት ያስፈልጋል። የሽንት ምርመራ፣ የደም ስኳርና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒን ግን ከመጀመሪያው ቀን አይቀሩም።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ሽንት ተዘግቶባቸው ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) በገባላቸው በሦስተኛው ቀን ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ተለክቶ 11 ሆነ። ካንሰር ነው ማለት ነው?

ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ እንዲህ ማለት አይቻልም፤ የተለካበት ቀንም ትክክለኛው ቀን አልነበረም። ፒኤስኤ ጤነኛውም ሆነ የታመመው ፕሮስቴት የሚያመርተው ፕሮቲን በመሆኑ በዕጢው ማደግ፣ በኢንፌክሽን፣ በሽንት መዘጋትና በካቴተር ምክንያት ከፍ ይላል። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይደገም፤ ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናትም ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከብስክሌት ይታቀቡ። 4 የሚለው የተለመደ ወሰን ለሁሉም ዕድሜ እኩል አይሠራም፤ በ70ዎቹ ላሉ እስከ 6.5 ድረስ የሚቀበሉ አሉ። ፕሮስቴትን የሚያሳንሰውን ፊናስቴራይድ የተባለ መድኃኒት ከስድስት ወር በላይ የወሰዱ ከሆነ ውጤቱ በሁለት ተባዝቶ ይነበባል፤ መድኃኒቱ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው ይህ የተዘነጋበት ውጤት በሐሰት ያጽናናል። ተደግሞም ከፍ ካለ በጣት ምርመራ፣ ከተገኘም በኤምአርአይ ታይቶ ናሙና መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ ይወሰናል። አባትዎ ቀንና ሌሊት የማይለቅ የወገብ ወይም የአጥንት ሕመም ወይም የክብደት መቀነስ ካላቸው ስድስት ሳምንቱን አይጠብቁ። እግር መስነፍና ሽንት ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ደግሞ ዕለቱኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባቸው፤ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ደሙ ከተመረመረ የጣቱ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል? ባለቤቴ በጭራሽ አይሆንም ብለዋል።

አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር የሚነሣው ከዕጢው የውጪ ክፍል፣ በፊንጢጣ በኩል ጣት በሚደርስበት ስለሆነ፣ ፒኤስኤ ዝቅ ያለበት ሰው ላይ እንኳ ጠጣር እብጠት ሊገኝ ይችላል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሐፍረቱን አልንቀውም፤ ወንድ ሐኪም መጠየቅ፣ መጋረጃው እንዲዘጋ ማሳሰብም መብታቸው ነው። እምቢታቸው ከጸና ሌላው ምርመራ ይቀጥላል እንጂ በዚህ ምክንያት ከክሊኒክ አይቅሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ነው፤ 56 ዓመቴ ነው፤ ምንም አይሰማኝም። ታላቅ ወንድሜ የፕሮስቴት ካንሰር አለበት። ልመርመር?

በ2018 የወጣው የአገሩ የቅድመ ምርመራ መመሪያ ከ55 እስከ 69 ዓመት ላሉት ጉዳቱንና ጥቅሙን ከሐኪማቸው ጋር መዝነው እንዲወስኑ ይመክራል፤ ከ70 ዓመት ጀምሮ ግን ምልክት ለሌለው ሰው አይመክርም። ወንድም የታመመበት ሰው የመታመም ዕድሉ ቢያንስ እጥፍ ስለሆነ በእርስዎ ቦታ ብሆን እመረመራለሁ። የ70 ዓመቱ ገደብ ምልክት ለሌላቸው ብቻ መሆኑን ያስተውሉ፤ ሽንት የሚያስቸግራቸው የ75 ዓመት አባት «ዕድሜዎ አልፏል» ተብለው መመለስ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ይዞኝ የአፍንጫ መክፈቻ ኪኒን ወሰድኩ፤ በዚያው ቀን ጫት ቃምኩ። ሌሊቱን ሽንቴ ጠብ አልል ብሎ ሆዴ ተወጠረ። በካቴተር ነው የተገላገልኩት። ዕድሜዬ 62 ነው።

ሁለቱ ተደራርበውብዎት ነው። የጫቱ ካቲኖንም፣ አፍንጫ ከፋቹ ሱዶኤፌድሪንም የፊኛውን አንገትና የፕሮስቴቱን ጡንቻ ያጠብቃሉ፤ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያለ የአለርጂ መድኃኒት አብሮ ካለበት ደግሞ የሚገፋው የፊኛ ጡንቻ ይደክማል። ቀድሞውንም የጠበበ መንገድ እንዲህ ሲሆን ይዘጋል። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት «እንዲገፋው» ብሎ ውኃ ይጨምራል፤ ይህ ሕመሙን ከማባባስ በቀር የሚፈይደው የለም። ካቴተሩ ከመነቀሉ በፊት ይህን ጡንቻ የሚያላላውን ታምሱሎሲን የተባለ መድኃኒት ለሁለት ሦስት ቀን መውሰድ በራስዎ የመሽናት ዕድልዎን ያሰፋል። ለማንኛውም አዲስ መድኃኒት ፋርማሲ ሲሄዱ ሽንት ተዘግቶብዎ እንደነበር ይንገሩ፤ ጫቱን ቢተዉት ደግሞ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የጥቁር እንጨት ቅርፊት ቀቅሎ መጠጣት ያድናል ይባላል። እውነት ነው?

መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ከዚሁ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ጭማቂ በአውሮፓ በመድኃኒትነት ሲሸጥ ኖሯል፤ በጥናቶችም መጠነኛ መሻሻል ታይቷል፤ ጥናቶቹ ግን አነስተኛና አጭር ጊዜ የፈጁ ነበሩ። ቤት ውስጥ የሚቀቀለው ደግሞ መጠኑ ያልተለካ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ቅርፊቱን እየጠጣ ምርመራውን ለዓመት ማስተላለፉ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ሽንቴ ደም መስሎ ወጣ፤ በማግስቱ ጠራ። አላመመኝም። ልተወው?

አይተዉት። ሕመም የሌለው ደም፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ የፊኛ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሲጋራ ያጨሱ ከሆነ። በአልትራሳውንድና በፊኛ ውስጥ በሚገባ ካሜራ መታየት አለብዎት። በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ሥፍራዎች ኖረው ከሆነ ያንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የሽንት ቢልሃርዚያ እዚያ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ታምሱሎሲን እወስዳለሁ፤ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አለኝ። ችግር አለው?

ለዓይን ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። መድኃኒቱ የዓይን ብሌንን መክፈቻና መዝጊያ ልል ስለሚያደርገው ሐኪሙ ተዘጋጅቶ መግባት ይኖርበታል። ቀደም ብለው ያቆሙት ቢሆንም ይንገሩ፤ ተጽዕኖው መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊቆይ ይችላል።